እጅ ታጥቦ ሕሊና ሲረክስ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ውስጥ ንጽሕና ምን ይላል?

«ለንጹሖች ሁሉ ንጹሕ ነው።» ይህቺ ጥቅስ ክርክር ካለ አትጠፋም። አንዱ የፈለገውን ሊያይ፣ ሊጠጣ ወይም ሊያደርግ ሲያምረው ይመዛታል። ሌላው ደግሞ ቀጣዩን ግማሽ አንስቶ «አንተ እኮ ሕሊናህ ረክሷል» ይልና ሰው ያሸማቅቃል። ሁለቱም ከየት እንደመጣች ብዙ አይጨነቁም። ያለችው ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው አጭር ደብዳቤ፣ ምዕራፍ 1 ቁጥር 15 ላይ ነው። ሐሳቡ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ንጹሕ ለሆነ ሰው ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው፤ ለረከሰና ለማያምን ሰው ግን ንጹሕ የሚባል ነገር የለም፣ ምክንያቱም አእምሮውም ሕሊናውም ረክሷል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ጳውሎስ «ሕሊናቸው ረክሷል» የሚላቸው ሰዎች ልቅ ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች አይመስሉም። ቲቶ በቀርጤስ ደሴት ያገኛቸው እነዚህ አስተማሪዎች ሰው ሠራሽ ትእዛዝ የሚጭኑ፣ ከአውዱ እንደሚታየውም ይሄ ንጹሕ ያ ርኩስ እያሉ ሰው የሚያስጨንቁ ነበሩ። ንጽሕና ከአፋቸው አይጠፋም ማለት ነው። ታዲያ እነሱ እንዴት ርኩስ ተባሉ? ይህን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ርኩሰት ሲባል መጀመሪያ ኃጢአት ማለት ነበር?

አልነበረም። ቢያንስ ሁልጊዜ አልነበረም። ከዘሌዋውያን 11 እስከ 15 ያሉትን ምዕራፎች ያነበበ ሰው ግር ይለዋል። የወለደች ሴት ርኩስ ናት ይላል። የቆዳ በሽታ ያለበት ርኩስ ነው። የሞተ እንስሳ የነካ እስከ ማታ ርኩስ ነው። ዘኍልቍ 19 ደግሞ የሰው ሬሳ የነካ ሰው ለሰባት ቀን ርኩስ እንደሚሆን፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን በተለየ ውኃ መንጻት እንዳለበት ይናገራል።

አባቱን የቀበረ ልጅ ምን አጠፋ? ምንም። እንዲያውም ግዴታውን ነው የተወጣው። ይህ ርኩሰት ጥፋት አይደለም፣ ሁኔታ ነው። ሰውየው ለጊዜው ወደ መቅደሱና ወደ ተቀደሱት ነገሮች መቅረብ አይችልም፣ በቃ። ጊዜው ሲያልፍና ሲታጠብ ያበቃል።

በዚያው ሕግ ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት ርኩሰትም አለ። ግድያ፣ ጣዖት ማምለክ፣ በዘሌዋውያን 18 የተዘረዘሩት የዝሙት ዓይነቶች ሰውንም ምድሪቱንም ያረክሳሉ ይላል። ይኼኛው በውኃ አይለቅም፣ ሲመሽም አይለቅም። በመጀመሪያው ዓይነትና በሁለተኛው መካከል ያለውን ልዩነት ያልያዘ ሰው የቀረው ሁሉ ይምታታበታል።

የመጀመሪያው ዓይነት አንድ ጠባይ አለው፤ በመንካት ይተላለፋል። ነቢዩ ሐጌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ520 ዓመት ካህናቱን የጠየቃቸው ጥያቄ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንድ ሰው የተቀደሰ ሥጋ በልብሱ ጫፍ ቢይዝና ልብሱ እንጀራ ወይም ወጥ ቢነካ የተነካው ነገር ይቀደሳል ወይ? አይቀደስም አሉት። ሬሳ በመንካት የረከሰ ሰው ያንኑ ቢነካስ? ይረክሳል አሉት። ርኩሰት ይጋባል፣ ቅድስና ግን እንዲህ በቀላሉ አይጋባም።

ኢየሱስ ምኑን ለወጠው?

አቅጣጫውን። በወንጌል ውስጥ ኢየሱስ ለምጻሙን በእጁ ይነካዋል። እንደተለመደው ከሆነ የሚረክሰው ነኪው ነው፤ እዚህ ግን የነጻው ለምጻሙ ነው። ለ12 ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ከኋላ መጥታ ልብሱን ስትነካ የተላለፈው የእሷ ርኩሰት ሳይሆን የእሱ ኃይል ነው። በዚያው ቀን የሞተች ልጅ እጅ ይዞ ያስነሳል። የሐጌ ካህናት ይህን ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ።

ነገሩ በግልጽ የተነገረው ግን ማርቆስ 7 ላይ ነው። ፈሪሳውያንና ከኢየሩሳሌም የመጡ ጻፎች ደቀ መዛሙርቱ እጃቸውን ሳይታጠቡ ሲበሉ ያያሉ። ጭቅጭቁ ስለ ጤና ጥበቃ እንዳይመስላችሁ። የሽማግሌዎች ወግ የሚሉት ሥርዓት ነበር፤ የሙሴ ሕግ ተራውን ሰው ከምግብ በፊት እጅህን ታጠብ አላለውም። ኢየሱስ ሲመልስ ወደ ሰው የሚገባ ነገር ሰውን አያረክሰውም፣ ከሰው የሚወጣው እንጂ አለ። ደቀ መዛሙርቱ አልገባቸውም፣ ቤት ሲገቡ ጠየቁት። ምግብ ወደ ሆድ እንጂ ወደ ልብ አይገባም ብሎ አስረዳቸው፤ ከልብ የሚወጡትንም ቆጠረላቸው፦ ክፉ ሐሳብ፣ ዝሙት፣ መስረቅ፣ መግደል፣ መጎምጀት፣ ተንኮል፣ ምቀኝነት፣ ስድብ፣ ትዕቢት፣ ሌላም።

ዝርዝሩን ልብ በሉ። ግድያና ስርቆት ከምቀኝነትና ከትዕቢት ጋር አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ምቀኛ ሰው ማንንም ላይነካ ይችላል፣ እጁም ንጹሕ ነው፤ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ግን አለ።

ከዚያው ንግግር ላይ ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንድ ምሳሌ አለ። ወላጆቹን መጦር ያለበት ሰው ገንዘቡን «ቁርባን ነው» ይላል፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ። ከዚያ በኋላ እናትና አባቱ ከዚያ ገንዘብ አይጠቀሙም፤ ሰውየውም ሕግ አከበርኩ ይላል። በሃይማኖት ቃል ወላጅን መካድ! ኢየሱስ የተቆጣው በመታጠቡ ሳይሆን በዚህ ነው።

እሺ፣ ሕሊና ራሱ ምንድን ነው?

ሕሊና ማለት ሰው የራሱን ሥራ አይቶ «ልክ ነው» ወይም «ጥፋት ነው» የሚልበት የውስጥ ዳኝነት ነው። ጳውሎስ ሮሜ 2፥15 ላይ ሕጉን ያልተቀበሉ አሕዛብ እንኳ ሕሊናቸው ይመሰክርላቸዋል፣ ሐሳባቸውም እርስ በርሱ ይካሰሳል ወይም ያመካኛል ይላል። በውስጣችን ችሎት አለ እንደ ማለት ነው። ብሉይ ኪዳን በአብዛኛው ይህንኑ ልብ ይለዋል። ዳዊት ዋሻ ውስጥ የሳኦልን ልብስ ጫፍ በስውር ሲቆርጥ በኋላ ልቡ መታው ይላል። ቁራጭ ጨርቅ ነው እኮ! ግን ቆረቆረው።

ሕሊናን እንደ ሚዛን አስቡት። ዜሮው የተዛባ ሚዛን ዝም አይልም፣ ቁጥር ያወጣል፤ ገዢውም ሻጩም ያምኑታል። ሕሊናም እንደዚያው ነው። መናገሩ ልክ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ጳውሎስ ራሱ የእስጢፋኖስን መገደል የተስማማበት ሰው ነው፤ በኋላ በንጉሥ አግሪጳ ፊት ሲናገር የናዝሬቱን ኢየሱስ ስም መቃወም የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር አለ። ተጠራጥሮ አልነበረም፣ ከልቡ ነበር። ስለዚህ «ሕሊናዬ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው» የሚለው አባባል እንደወረደ አይወሰድም። ሕሊና ዳኛ ነው፤ ዳኛ ደግሞ የተማረውን ሕግ ነው የሚፈርደው።

ታዲያ ሕሊና እንዴት ይረክሳል?

አዲስ ኪዳን ቢያንስ ሁለት መንገድ ያሳየናል። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

አንደኛው በቆሮንቶስ የታየው ነው። በከተማዋ ለጣዖት የተሠዋ ሥጋ ገበያ ላይ ይሸጥ ነበር፤ በጣዖት ቤት ውስጥም ማዕድ ይቀርብ ነበር። «አዋቂ ነን» የሚሉ ክርስቲያኖች፣ ጣዖት ምንም አይደለም፣ ሥጋ ሥጋ ነው ብለው ይበላሉ። ጳውሎስ በሐሳቡ ይስማማል። ግን አጠገባቸው ዕድሜውን ሙሉ ጣዖት ሲያመልክ ኖሮ በቅርብ ያመነ ሰው አለ። ለእሱ ያ ሥጋ ዛሬም የአምልኮ ሥጋ ነው። ወንድሞቹን ሲያይ ያፍራል፣ «ኋላ ቀር እንዳልባል» ብሎ ይበላል። 1 ቆሮንቶስ 8፥7 ስለ እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሕሊናው ደካማ ስለሆነ ይረክሳል ይላል።

አንድ ሥጋ፣ አንድ ገበታ። አንዱ በልቶ ምንም አልሆነም፣ ሌላው በልቶ ረከሰ። ሥጋው አልተለወጠም። ሰውየው እግዚአብሔርን መክዳት ነው ብሎ ያመነውን ነገር እያወቀ አደረገ፤ ያረከሰው እሱ ነው። የሚገርመው ደግሞ እምነቱ በጳውሎስ ዓይን ስሕተት መሆኑ ነው። ስሕተት ቢሆንም ሕሊናን ረግጦ ማለፍ ጉዳት አለው፤ ሮሜ 14፥23 የሚጠራጠር ሰው ቢበላ ተኰንኖአል የሚለው ለዚህ ነው። ዛሬ ሕሊናው «ይቅርብህ» እያለው ትንሹን ነገር ያደረገ ሰው ነገ ትልቁን ነገር ሲከለክለው መስማት ይከብደዋል።

ጳውሎስ ለደካማው «አትንቦቅቦቅ» አላለውም። ለአዋቂዎቹ ነው የተናገረው፦ ምግቤ ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘላለም ሥጋ አልበላም አለ። በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ግን ሳትመረምሩ ብሉ ብሏል። ሰው ቤት ተጋብዘህ «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ካለህ ተወው፣ ስለ አንተ ሳይሆን ስለ ነገረህ ሰው ሕሊና ብለህ። እንዲህ እያንዳንዷን ሁኔታ ለይቶ መናገሩ ጉዳዩ በአንድ መፈክር እንደማያልቅ ያሳያል።

ሁለተኛውስ?

ሁለተኛው መንገድ ቲቶ በቀርጤስ ያገኛቸው የእነዚያ አስተማሪዎች መንገድ ነው። 1 ጢሞቴዎስ 4 ላይም ዘመዶቻቸው አሉ፤ ሕሊናቸው በጋለ ብረት እንደተተኮሰ የደነዘዘ ውሸታሞች ይላቸዋል። ምን ሲያስተምሩ? አትጋቡ፣ ይህን ምግብ አትብሉ እያሉ! የደነዘዘ ሕሊና ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚሰርቅ ሰው ነው። ጳውሎስ ግን ቃሉን የተጠቀመው ከልካይ ለሆኑ ሰዎች ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል ለሚል፣ ዮሐንስ 18፥28ን ቀስ ብሎ ማንበብ ነው። ማለዳ ነው። የአይሁድ መሪዎች ኢየሱስን ይዘው ወደ ሮማዊው ገዢ ወደ ጲላጦስ ግቢ መጡ። እዚያ ሲደርሱ ግን ቆሙ፤ አልገቡም። የአሕዛብ ገዢ ግቢ ስለሆነ ቢገቡ ይረክሳሉ፣ ከረከሱ ደግሞ ፋሲካን መብላት አይችሉም። ስለዚህ ጲላጦስ ራሱ ወደ እነሱ ይወጣል፣ ተመልሶ ኢየሱስን ለመጠየቅ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። ንጹሕ ሰው ለማስገደል የመጡ ሰዎች ደጃፉ ላይ ለንጽሕናቸው ይጠነቀቃሉ። ዮሐንስ ምንም አስተያየት አልሰጠም። ጽፎት አለፈ።

ማቴዎስ 27፥6 ላይ ይኸው ነገር ይደገማል። ይሁዳ ሠላሳውን ብር መቅደስ ውስጥ ጥሎ ሲሄድ የካህናት አለቆች አንስተው፣ የደም ዋጋ ስለሆነ ወደ መባ ሣጥን ልንጨምረው አልተፈቀደም አሉ። የደሙን ዋጋ የከፈሉት እነሱ ናቸው። ለሣጥኑ የሚጨነቀው ሕሊናቸው ለሰውየው አልተጨነቀም። ሚዛኑ ይሠራል፤ የሚመዝነው ግን ትንሹን ብቻ ነው።

ይህ የጥንት አይሁድ መሪዎች ችግር ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጳውሎስ የጻፈው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስላሉ አስተማሪዎች ነው። ደግሞ ያው ለቁራጭ ጨርቅ ልቡ የመታው ዳዊት አለ። ቤርሳቤህን ወስዶ፣ ባሏን ኦርዮንን አስገድሎ፣ ወራት አልፈው ልጅ እስኪወለድ ዝም ብሎ ኖረ። ነቢዩ ናታን መጥቶ የድሃውን አንዲት በግ ስለወሰደ ሀብታም ሲተርክለት ግን በቁጣ ነደደ፣ አራት እጥፍ ይክፈል ብሎ ፈረደ። የሰው በግ ሲሆን ሕሊናው ሠራ። ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» እስኪለው ድረስ ለራሱ አልሠራም። ይህ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው፣ እኔ የምፈራውም የሕሊና ብልሽት ይኸኛውን ነው።

ስለዚህ «ለንጹሖች ሁሉ ንጹሕ ነው» የፈለጉትን ለማድረግ ፈቃድ ነው?

አይደለም። ጥቅሷ የምታወራው ስለ ነገሮች ነው፣ ስለ ድርጊቶች አይደለም። ምግብ፣ ዕቃ፣ ቀን በራሱ ሰውን አያረክስም። ማታለል «ለንጹሑ ንጹሕ» አይሆንም፤ ዝሙትም አይሆንም፤ ማርቆስ 7 ላይ ከልብ የሚወጡ ርኩሰቶች ተብለው ተቆጥረዋልና። ቀጣዩ ቁጥር፣ ቲቶ 1፥16፣ እግዚአብሔርን እናውቃለን ይላሉ፣ በሥራቸው ግን ይክዱታል ይላል። ፈቃድ አድርጎ የሚጠቅሳት ሰው አንድ ቁጥር ወረድ ብሎ ቢያነብ ጥሩ ነበር።

የረከሰ ሕሊና ይነጻል?

አዎ፤ በዚህ ላይ ሰፊ መልስ የሚሰጠው የዕብራውያን መልእክት ነው። ምዕራፍ 9 እንዲህ ይሞግታል፦ የፍየልና የኮርማ ደም፣ የጊደር አመድም ሥጋን ያነጻ ነበር፤ ማለትም ሰውየው ወደ ሥርዓቱ ተመልሶ እንዲገባ ያደርገዋል። የሚያመልከውን ሰው ሕሊና ግን ፍጹም ማድረግ አልቻለም። ማስረጃው? በየዓመቱ መደገሙ። ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ መሥዋዕቱ ይቆም ነበር ይላል ምዕራፍ 10። ስለዚህ ሕሊናን ከሞተ ሥራ የሚያነጻው የክርስቶስ ደም ነው ብሎ ይደመድማል። 1 ጴጥሮስ 3፥21ም ጥምቀት የሰውነትን እድፍ ማስወገድ ሳይሆን ከበጎ ሕሊና ጋር የተያያዘ ነው ይላል።

ይህ በሰው ሕይወት እንዴት ይደርሳል የሚለው ላይ አብያተ ክርስቲያናት ይለያያሉ። ኦርቶዶክስና ካቶሊክ በካህን ፊት የሚፈጸመውን ኑዛዜ ከቤተ ክርስቲያን ምሥጢራት አንዱ ያደርጉታል፤ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች በቀጥታ ለእግዚአብሔር መናዘዝን ያስተምራሉ። ሁሉም ግን ጥፋትን በስሙ መጥራት እንደሚያስፈልግ ይስማማሉ። ዳዊትም «እግዚአብሔርን በድያለሁ» ነው ያለው፤ ንጹሕ ልብ ፍጠርልኝ የሚለው የንስሓ መዝሙር (51ኛው፣ በሌላው አቆጣጠር 50ኛው) ናታን በመጣበት ጊዜ የተዘመረ መሆኑ ከራስጌው ተጽፏል። ከቃል አልፎ መካስም አለ፤ ቀራጩ ዘኬዎስ ያታለልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፣ ልክ ዳዊት በሀብታሙ ላይ የፈረደውን ያህል። ልዩነቱ ዘኬዎስ የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑ ነው።

ሌላው ሥራ ረጅም ነው። የተዛባ ሕሊና በአንድ ቀን አይስተካከልም። ዕብራውያን 5፥14 ደጉንና ክፉውን ለመለየት በሥራ የለመደ ልቡና ስላላቸው ሰዎች ያወራል፤ ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ 24፥16 ነውር የሌለበት ሕሊና እንዲኖረኝ እተጋለሁ ይላል። ማንበብ፣ መጠየቅ፣ ደፍሮ የሚናገር ናታን አጠገብ መኖር፣ ይህ ሁሉ ውስጡ ይገባል።

ሕሊናዬ ካልወቀሰኝ ንጹሕ ነኝ ማለት ነው? ከወቀሰኝስ ረክሻለሁ?

ለመጀመሪያው ጳውሎስ 1 ቆሮንቶስ 4፥4 ላይ መልሷል። በራሴ ላይ የማውቀው ነገር የለም፣ ግን በዚህ አልጸድቅም፣ የሚፈርድብኝ ጌታ ነው አለ። ዝምታ ነፃ ማውጫ ወረቀት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፣ ብዙ ሰውም በከንቱ የሚሠቃይበት ነው። የሚወቅስ ሕሊና የግድ የረከሰ ሕሊና አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የጤናማ ሕሊና ምልክት ነው። ዳዊት የዳነው ልቡ በተመታ ጊዜ እንጂ ዝም ባለ ጊዜ አይደለም። ተናዞ፣ ክሶ፣ ይቅርታ ተቀብሎ አሁንም የሚወቀስ ሰውም አለ፤ ለእሱ 1 ዮሐንስ 3፥20 ልባችን ቢፈርድብን እንኳ እግዚአብሔር ከልባችን ይበልጣል፣ ሁሉንም ያውቃል ይላል።

አንዳንዱ ጭንቀት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። ሳይፈልገው የስድብ ሐሳብ እየመጣ የሚያስጨንቀው፣ ያንኑ ኃጢአት ደጋግሞ ተናዞ የማይረካ፣ ረክሻለሁ እያለ ሲታጠብ የሚውል ሰው አለ። ይህ በሕክምና የሚታወቅ፣ ከአስገዳጅ ሐሳብና ድርጊት ሕመም ጋር የሚያያዝ ችግር ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናም አለው። እንዲህ ያለውን ሰው «ንስሓ ግባ» እያሉ መወትወት ያብስበታል። መንፈሳዊ አባቱ ወይም መጋቢው ከጎኑ ሆነው ወደ ሐኪም ቢልኩት ይሻለዋል።